መስታወቱን ያጠበችው እጅ

ሳሊሕ በእናቷ ወንበር ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ ኢንሻራህ የሳሎኑ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ» ይላል ሳሊሕ። ድምፁ ይቆራረጣል። «ሐሙስ ዕለት ቸኩዬ ነበር። ገንዳው ላይ ያላደረ የቧንቧ ውሃ ጨመርኩበት። ዓሦቹን የፈጃቸው ክሎሪኑ ነው። አውፍ ይበሉኝ።»

ወይዘሮ ሸፊቃ የሚታዘዝላቸውን ግራ እጃቸውን አንስተው ራሱ ላይ አኖሩት። ከታመሙ ወዲህ ምላሳቸው ስለሚተሳሰር፣ ያሰቡትን ለመናገር ጊዜ ይወስድባቸዋል።

«የአላህ... ሥራ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አታልቅስ።»

ከጎናቸው የቆመው ትልቁ የዓሣ ገንዳ ጥርት ብሎ ነበር። ከተተከለ ጀምሮ መስታወቱ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። ውስጡ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ዓሦቹን ትናንት ጠዋት፣ አንድ በአንድ፣ በትንሿ መረብ አውጥታ በጓሮው አፈር የቀበረቻቸው ራሷ ኢንሻራህ ናት።

አፏን ከፈተች። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ወዲያው ከበስተኋላዋ የአባቷን ሳል ሰማችና መልሳ ዋጠችው።

ሳሊሕ ተነሥቶ ሲወጣ በአጠገቧ አለፈ። ቀና ብሎ አላያትም። አፍሮ ነበር። እሷ ባጠፋችው እሱ አፍሮ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ፣ ኢንሻራህ እግሯ ከመሬቱ ጋር የተሰፋ መሰላት።

*

የኢንሻራህ አባት ሐጂ ዘይኑልአቢዲን በደሴ የታወቁ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አያታቸው ከየመን ባሕር ተሻግረው መጥተው ወሎ ላይ ሚስት አግብተው የቀሩ ሰው ነበሩ። ሐጂ ሲናገሩ «የእኛ ቤት» ማለት ይወዳሉ። የእኛ ቤት እንዲህ አይደረግም። የእኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው አይገባም። ያም ሆኖ ግን ሚስታቸውን የሚወዱ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ሸፊቃን ድንገት ሕመም ጥሏቸው ቀኝ ጎናቸው ሲዝልና ከወንበር የማይነሡ ሲሆኑ፣ ሐኪሙ «ዓይናቸው የሚያርፍበት፣ ቀኑን የሚገፉበት ነገር ፈልጉላቸው» አላቸው። ሐጂም ኮምቦልቻ ውስጥ ዓሣ የሚያረባ ልጅ እንዳለ ሰምተው አስጠሩት።

ልጁ ሳሊሕ ነው። የተወለደው ቢስቲማ፣ ከገበሬ ቤት ነው። ነፍስ ሳያውቅ አባቱ ስለሞቱበት አሳድገው ያስተማሩት እዚያው የሚኖሩት አጎቱ ሼህ ጣሀ ናቸው። ባዮሎጂ አጥንቶ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የውሃ ምርመራ ክፍል ተቀጥሯል። ከሥራ ሲወጣ በተከራያት ክፍል ውስጥ ዓሣ ያረባል፤ የመስታወት ገንዳም ይገጣጥማል። ለደሴ ብርድ ይችላሉ ያላቸውን ወርቃማ ዓሦች መርጦ አመጣና፣ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር በሚገኘው የሐጂ ቤት ሳሎን ውስጥ ገንዳውን ተከለላቸው።

ሐጂ ገንዳው ከመስኮቱ ሥር እንዲቆም ፈለጉ፤ ሚስታቸው መንገዱንም ዓሦቹንም ባንድ ላይ እንዲያዩ። ሳሊሕ «ፀሐይ ይበዛበታል» ቢላቸው አልሰሙትም። ብዙም አልቆየ፣ መስታወቱ በመጀመሪያ ሰው የተነፈሰበት የመሰለ ነጭ ጭጋግ ለበሰ። ቀጥሎ አረንጓዴ አልጌ ከማእዘኖቹ ተነሥቶ ወደ መሃል ይሳብ ጀመር። ወይዘሮ ሸፊቃም ምግብ ያበዙ ነበር። ዓሦቹ ወደ እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ አይተው እንዴት ይጨክናሉ? የተረፈው ምግብ ደግሞ ለአልጌው ምግብ ሆነ።

እናም ሳሊሕ በየሳምንቱ ሐሙስ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ይመጣ ነበር። እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቦ ክንዱን ውሃው ውስጥ ነክሮ፣ ለስላሳ ስፖንጅ ይዞ መስታወቱን ከውስጥ ይፍቃል። ኢንሻራህ ደግሞ ደረቅ ጨርቅ ይዛ ከውጭ በኩል ትወለውላለች። እናቷ በተቀመጡበት፣ በሩ በተከፈተበት ሳሎን፣ በመካከላቸው ውሃና መስታወት እያለ ነው የተዋደዱት። አረንጓዴው ሲገፈፍ በመጀመሪያ ግንባሯን፣ ቀጥሎ ዓይኗን ያያል። ያኔ ስፖንጁ ይቆማል።

«ምን ሆንክ? ደከመህ?» ትለዋለች።

«አይ፣ እዚች ጋ ጠንከር ብሎብኝ ነው።»

እዚያች ጋ ምንም እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ወይዘሮ ሸፊቃ ያውቃሉ፤ በግማሽ ከንፈራቸው ፈገግ ይላሉ። ኢንሻራህ ሳሊሕ ሲሄድ የገንዳው ጥራት ያስጠላታል። ቶሎ በቆሸሸ ብላ የምትመኘው በደሴ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

*

ሳሊሕ «አጎቴን ልልካቸው ነው» ያላት ሐሙስ ዕለት ነበር። የዚያን ቀን የፋብሪካው ተረኛ ስለነበር መቸኮሉ ከፊቱ ይታወቅ ነበር። ሁልጊዜ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ውሃ እያቆረ የሚያሳድርበት በርሜል ባዶ ሆኖ አገኘው። ከቧንቧው በቀጥታ ቀድቶ ትንሽ ጨመረ። መስታወቱን ሳይነካው እጁን አደራረቀ።

«መስታወቱን በሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ኢንሻራህ፣ ቅዳሜ ሼህ ጣሀ ከሽማግሌዎች ጋር ይመጣሉ። አባትሽ እምቢ ይሉኝ ይሆን?»

«ዱዓ አድርግ» አለችው። ደስታውም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጥቶባት ሌላ ቃል አላገኘችም።

ማታ ሐጂ ከሱቅ ሲገቡ ገንዳውን አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ይሄ ልጅ ሥራውን ጣል አድርጎታል። ሰው እንዲህ ያለ አረንጓዴ ነገር ለእንግዳ ያሳያል?»

ይህች ቃል በኢንሻራህ ልብ ላይ ተቀመጠች። ቅዳሜ ሼህ ጣሀ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጠው «ልጃችን ታታሪ ነው፣ ለያዘው ነገር ይታመናል» ሲሉ፣ አባቷ ወደ መስታወቱ ሲያዩ ታያት።

ዓርብ ከሰዓት ቤቱ ለእንግዳ ይታጠብ ነበር። ሠራተኛዋ በረንዳውን፣ ኢንሻራህ ሳሎኑን ይዘዋል፤ ግቢው በሙሉ በረኪና በረኪና ይሸታል። ወይዘሮ ሸፊቃ መኝታ ቤት አረፍ ብለዋል። ኢንሻራህ ስፖንጁን አንስታ ሳሊሕ እንደሚያደርገው መስታወቱን ከውስጥ ፋቀችው። አረንጓዴው ተነሣ። ነጩ ጭጋግ ግን ቅባት ይመስል ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ አልለቅም አላት። «ሳሙና እንዳይነካው» ይላት እንደነበር ታስታውሳለች። በረኪና ግን ሳሙና አይደለም። ጨርቁን በባልዲው ውስጥ ነከረች፤ ጨመቀችው። ከዚያ ከላይ እስከ ታች፣ ከውሃው ሥር ሳይቀር፣ መስታወቱን አንድ ጊዜ ወለወለችው።

እንደ አዲስ አበራ። ኢንሻራህ ራቅ ብላ አየችውና ሳቀች። ለወደደችው ሰው አንድ ነገር አድርጋለታለች። ሳትነግረው፣ ሳያመሰግናት፣ በስውር አድርጋለታለች። ከዚያ ቀን በፊት ራሷን እንዲያ ወድዳው አታውቅም።

*

ቅዳሜ ጠዋት ዓሦቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ነበር። ወይዘሮ ሸፊቃ ቀድመው አይተዋቸዋል። ሰው ለመጥራት ድምፅ አጥተው፣ በሚታዘዝላቸው እጅ የወንበሩን ክንድ ሲመቱ ነው ቤተሰቡ የደረሰው።

«ያ ቸልተኛ!» አሉ ሐጂ። «ሐሙስ ሲጣደፍ አላየሁትም? ነግሬያችሁ ነበር!»

ኢንሻራህ የበረኪናው ጨርቅ ትዝ አላት። ያኔ ልትናገር ትችል ነበር። እናቷ ያለድምፅ እያለቀሱ ነበርና ደነገጠች። ትንሽ ይረጋጉ፣ ከዚያ እነግራቸዋለሁ አለች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሼህ ጣሀ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር በሩን አንኳኩ።

ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ምርኩዝ የያዙ፣ ለስለስ ያሉ ሰው ናቸው። ኢንሻራህ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆና ሰማቻቸው። ከሰላምታውና ከምርቃቱ በኋላ፣ «ሐጂ፣ ልጃችን ሳሊሕ ልጅዎን ለትዳር ፈልጎ ልኮናል» አሉ።

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ቀና ብለው ወደ ባዶው ገንዳ ጠቆሙ።

«ይኸውልዎ፣ የልጅዎን ሥራ ይመልከቱ። ባለቤቴ ከሕይወት የቀራት ደስታ ይኼ ነበር። እምነት ጥለን ብንሰጠው ገደለብን። ዓሣ መጠበቅ ያልቻለ ሰው የሰው ልጅ ሊጠብቅ? ሼሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የእኛ ቤት የቢስቲማ ማሳ አይደለም፤ ያገኙትን ዘርተው የሚሄዱበት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሼህ ጣሀ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«አላህ ይተካላችሁ» አሉ። «ስለ ዓሦቹ አዝኛለሁ። ስለ ልጁ ደግሞ ያሳደግሁት እኔ ነኝና ይቅርታ።»

ወጡ። ኢንሻራህ መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛው ነበር። ልትገልጠው ትችል ነበር። ጣቶቿ ግን የሌላ ሰው ይመስል አልታዘዟትም። የምርኩዙ ድምፅ በደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ፣ ከልቧ አንድ ነገር ተነቅሎ አብሮት የሄደ መሰላት።

በማግስቱ ነው ሳሊሕ መጥቶ እናቷ እግር ሥር የተንበረከከው።

*

ከዚያ ወዲህ የኢንሻራህ ኑሮ ኑሮ አልሆነም። አንዴ ሳሊሕ መልእክት ላከላት። «የእናትሽን ፊት ሳስበው መተኛት አልቻልኩም። ካንቺም ፊት መቆም አልችልም። አላህ የተሻለ ይስጥሽ» ይላል። አነበበችው። መልስ ጻፈች፤ አጠፋችው። ደግማ ጻፈች፤ ደግማ አጠፋችው።

«ዛሬ እናገራለሁ» እያለች ትነሣለች። አባቷ ደስ ብሏቸው ከሱቅ ከገቡ «ደስታቸውን አላበላሽም» ትላለች። ተቆጥተው ከገቡ ደግሞ «ዛሬስ አይሆንም።» ወይዘሮ ሸፊቃ ባዶው ገንዳ ከፊታቸው እንዳይነሣ ከልክለዋል። ሰው የሚነካው አልነበረምና ያ ነጭ ጭጋግ ቀስ በቀስ ተመልሶ መስታወቱን ለበሰው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን እዚያው ላይ ተክለው ይውላሉ። ኢንሻራህ ምግብ ስታጎርሳቸው «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ» ይሏታል። ያቺ «ልጄ» የምትል ቃል ከስድብ በላይ ታቃጥላት ጀመር።

አንድ ቀን የአክስቷ ልጅ ሰዒዳ ከኮምቦልቻ ደወለች። ሰዒዳ ከሳሊሕ ጋር አንድ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ ስለ ሁለቱ ፍቅር ከመጀመሪያው የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት።

«ሰማሽ? ሳሊሕ ዓሦቹን በሙሉ ለሰው ሰጣቸው። ገንዳዎቹን ፈታታቸው። 'እኔ የነካሁት አይበረክትም' ይላል። ሥራ ቦታም ቢሆን አንድ ምርመራ ደጋግሞ እየሠራ እጁን አላምን ብሏል። ኢንሻራህ፣ ሰውየው እያለቀ ነው።»

ኢንሻራህ ስልኩን ዘጋች። ሰውን በምላስ ብቻ ሳይሆን በዝምታም መግደል እንደሚቻል ያን ጊዜ ገባት።

*

ኮምቦልቻ ሞቃት ነበር። ሰዒዳ ከፋብሪካው አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ሳሊሕን ይዛው መጣችና፣ እሷ ራቅ ብላ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ሳሊሕ ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶበታል። ኢንሻራህን ሲያይ ብርሃን ፊቱ ላይ ሊወጣ ጀምሮ መልሶ ጠፋ።

«እናትሽ ደህና ናቸው?» አላት በመጀመሪያ።

ይህን ባይጠይቃት ይሻላት ነበር።

«ዓሦችህን ለምን ሰጠሃቸው?»

«እጄን ጠላሁት።»

«እጅህ ምንም አላጠፋም።» ጣቶቿን ከጠረጴዛው ሥር አቆላልፋ ያዘች። «ሳሊሕ፣ ዓሦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ዓርብ ከሰዓት መስታወቱን በበረኪና ጨርቅ አጠብኩት። ቅዳሜ አባ መስታወቱ ጠርቶ እንዲያዩት ብዬ። ሥራህን እንዲወዱልህ።»

ሳሊሕ ትክ ብሎ አያት።

«ከውስጥ በኩል?» አለ።

«ከውስጥ።»

«ዓርብ ቀን፣ ከማጠብሽ በፊት፣ ዓሦቹ እንዴት ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ። እማ ስታበላቸው ሲሻሙ ነበር።»

ሁለት እጆቹን ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ወረደ። ኢንሻራህ የቀለለው መስሏት ነበር። እጁን ሲያነሣ ግን ዓይኖቹ አይታቸው የማታውቃቸው ዓይኖች ነበሩ።

«እሑድ ዕለት፣ እኔ እናትሽ እግር ሥር ሆኜ...»

«በሩ ላይ ነበርኩ።»

«ስገባ አይቼሻለሁ። አዘነችልኝ ብዬ ነበር እኮ። ያቺን እያሰብኩ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ቅዳሜስ? አጎቴ ሲመጡ?»

«ከመጋረጃው ጀርባ።»

«የተባሉትን ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ዓሣ ይሞታል፣ ኢንሻራህ። እኔም በስሕተት ስንቱን ጨርሻለሁ። ያኔውኑ ብትነግሪኝ፣ ወላሂ ጥፋቱን እኔው ወስጄ ለአባትሽ የእኔ ነው እላቸው ነበር። ዝም ስትይ ግን ጥፋቱን ሳልፈቅድ ጫንሽብኝ። አጎቴ እኔን ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? 'ልጄ፣ የሰው ደስታ ሲሰጡህ ሁለት ጊዜ ተጠንቀቅ።' ሌላ ቃል አልተናገሩኝም። እሳቸውን አሳፍሬ ሐዘን ሆንኩባቸው እያልኩ ነው የከረምኩት።»

«ፈርቼ ነው።»

«አባትሽን ፈርተሽ ነው። እሺ። እኔንስ? ስልክ ቁጥሬ እጅሽ ላይ ነበር።»

ሳሊሕ ተነሣ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ሲናደድም እንኳ ነገር አይጥልም።

«ለእኔ መንገርሽ ቀላሉ ነው» አላት። «እኔ እወድሻለሁና።»

ሄደ። ኢንሻራህ ይሰድበኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። እወድሻለሁ ብሎ ጥሏት ይሄዳል ብላ ግን አልተዘጋጀችም። ሰዒዳ መጥታ ትከሻዋን ስታቅፋት፣ ለማልቀስ እንኳ መብት የሌላት መሰላት።

*

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ኢንሻራህ ለአባቷ የምትለውን እያዘጋጀች ነበር የወጣችው። ቤት ስትደርስ ግን ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት። ሐጂ የዐስር ሶላት ሰግደው ከሚስታቸው ጎን ተቀምጠዋል። ነጠላዋን ሳታወልቅ በፊታቸው ቆመች።

«አባ፣ ዓሦቹን የገደለው ሳሊሕ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሐጂ መጀመሪያ የሰሙትን አላመኑም። ሁሉንም ነገረቻቸው፦ ጨርቁን፣ ባልዲውን፣ መስታወቱ ሲያበራ እንዴት ደስ እንዳላት። ወደ እናቷ ማየት አልደፈረችም።

«ሼሁ እዚህ ተቀምጠው ሳለ፣ አንቺ ይህን ታውቂ ነበር?» አሉ ሐጂ።

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ያን ሁሉ ስናገር?»

«መጋረጃው ጋ ነበርኩ።»

ይጮኹብኛል፣ ይመቱኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ሐጂ ግን የመቁጠሪያቸውን ዶቃ በጣታቸው ይገፉ ጀመር። ኢንሻራህ ቀና ብላ አየቻቸው። ፊታቸው በንዴት የቀላ አልነበረም። አርጅተው ነበር።

«አንቺስ ፈራሽ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ምን እላለሁ? ሼሁ ከመምጣታቸው በፊት እምቢ ልላቸው ወስኜ ነበር እኮ። የገበሬ ልጅ ነው ብዬ። ግን እንዲህ ብዬ ለእንግዳዬ በአፌ መናገር አፍሬ ነበር። ዓሦቹ ሲሞቱ...» ቃሉ ከበዳቸው። «ዓሦቹ ሲሞቱ ሰበብ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አስተግፊሩላህ። እናትሽ እያለቀሰች እኔ በሰበቡ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ወይዘሮ ሸፊቃ ግራ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። ኢንሻራህ ሄዳ ሳሊሕ በተንበረከከበት ቦታ ተንበረከከች።

«ለምን... ነው ያጠብሽው?» አሏት።

«አባ እንዲወዱት ብዬ ነው፣ እማ። አውፍ በይኝ። የአንቺን ደስታ የገደልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ሲያለቅስልሽ ቆሜ አየሁ።»

የእናቷ እንባ እጇ ላይ ሲወርድ ተሰማት። ወይዘሮ ሸፊቃ ከንፈራቸውን ለማዘዝ ሲታገሉ ጊዜ ወሰደባቸው። አባትና ልጅ ጠበቋቸው።

«እኔን... ተዉኝ» አሉ። «ሂዱ። ቢስቲማ... ሁለታችሁም።»

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን አንገታቸውን ደፉ። «እሺ» አሉ። ኢንሻራህ አባቷ ለማንም «እሺ» ሲሉ ሰምታ አታውቅም ነበር።

*

በሐይቅ ከተማ በኩል አድርገው ቢስቲማ ሲደርሱ ሼህ ጣሀ ከበራቸው ወጥተው ተቀበሏቸው። ሐጂ አስቀድመው ደውለው ነበርና ሳሊሕም ከኮምቦልቻ መጥቷል። ከክፍሉ ጥግ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ለሐጂ ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠ። ኢንሻራህን «አሰላሙ ዐለይኩም» አላት፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ መለሰ።

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን የቀረበላቸው ትራስ ላይ አልተቀመጡም።

«ሼሁ፣ በቤቴ ውስጥ አዋርጄዎታለሁ። ልጅዎ አላጠፋም። ቢያጠፋም እንኳ እንደዚያ መናገር አይገባኝም ነበር። ማሳዎን በስድብ አንስቻለሁ፤ እኔ የምበላውን የሚያበቅለው እሱ ሆኖ ሳለ። አውፍ ይበሉኝ።»

«ሐጂ፣ ይቀመጡ» አሉ ሼህ ጣሀ እጃቸውን ይዘው እየጎተቱ። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ከደጅዎ ስወጣ ተቀይሜ ነበር። እስከ ሐይቅ ድረስ ሳጉረመርም ነው የመጣሁት። ከዚያ ሐይቁን አየሁት፤ ወረድኩና ውዱእ አድርጌ ሰገድኩ። ቂሙን እዚያው ጥዬው መጥቻለሁ። አሁን ልፈልገው ብል አላገኘውም።»

ሐጂ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ሼህ ጣሀ ወደ ኢንሻራህ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ? እንዲያገባሽ ነው የመጣሽው ወይስ አውፍ እንዲልሽ?»

ጥያቄው ከባድ ነበር። ኢንሻራህ በመንገዱ ሙሉ ሁለቱን ነገር አንድ አድርጋ ነበር የያዘችው። አሁን ሲለዩባት የትኛውን እንደምትተው ታወቃት።

«አውፍ እንዲለኝ ነው፣ ሼሁ» አለች። «ሳሊሕ፣ ባታገባኝ አልቀየምህም። በዝምታዬ ራስህን እንድትጠላ አድርጌሃለሁ። ያጠፋሁት ዓሣ ሳይሆን አንተን ነው። ሌላ ነገር አልጠይቅህም፤ እጅህ ንጹሕ እንደነበር እወቅልኝ። ለሰው ሁሉ እኔ እናገራለሁ።»

ሳሊሕ እጆቹን ገልብጦ አያቸው። ከውጭ በግ ሲጮኽ ይሰማል።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አለ። «በአላህ ስም አውፍ ብዬሻለሁ። ስለሌላው ግን አሁን አትጠይቁኝ።»

«ማንም አይጠይቅህም» አሉት ሼህ ጣሀ።

ሽማግሌዎቹ ውስጥ ሲቀሩ፣ ሳሊሕ ኢንሻራህን እስከ መኪናው ሸኛት። በመካከላቸው ከአንድ ሰው የሚበልጥ ርቀት ነበር።

«ከልቤ ነው ያልኩሽ» አላት። «ሳስበው ግን አሁንም ያመኛል።»

«ይመምህ። እኔንም ያመኛል። ቶሎ ይዳን ብዬ አላስቸኩልህም።»

መኪናው አጠገብ ቆሙ። ሳሊሕ የሆነ ነገር ሊላት ፈልጎ ተወው። ከዚያ ደግሞ ተመለሰበት።

«ለእናትሽ አዲስ ዓሣ ይገኛል። ገንዳው ግን መጀመሪያ ከመስኮቱ መነሣት አለበት፤ አባትሽ እሺ ካሉ። ውሃውንም በሙሉ አፍስሰን፣ በረኪናው እስኪወጣ ደጋግመን ማጠብ ነው። ጊዜ ይወስዳል።»

«አባ እሺ ይላሉ።»

«የምመጣው ለእናትሽ ነው።»

«ለእማ ና» አለችው። ለእኔም ና ማለት ፈልጋ ነበር። አላለችም፤ የዚያን ቀን የምትለምነው ነገር አልቆባታል።

ሳሊሕ ጥቂት ራመድ ብሎ ሄደ። ከአጎቱ በር ሳይደርስ ቆመ። ወደ እሷ ሳይዞር ነበር የተናገረው፤ ድምፁ ግን ደረሳት።

«ስመጣ ቤት ሁኚ።»

ኢንሻራህ መኪናው ውስጥ ገብታ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ስታለቅስ ሁልጊዜ ተደብቃ ነበር፤ መታጠቢያ ቤት፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ የቧንቧ ውሃ ከፍታ። አሁን መስኮቱ ተከፍቶ፣ መንገደኛ እያየ፣ ፊቷን ሳትሸፍን አለቀሰች። አባቷ ወጥተው መሪውን ሲይዙ አዩዋት። እሷ ግን እንባዋን አልጠረገችም።